አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ልጅ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን የመኪና አስተማሪው ጆሮ ባለቤቱን አልካደም። ፊቱን በአረፋ ሸፍኖ፣ አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ምላጩን ከጉሮሮው አስጠግቶ ሳለ የጥበቃው ድምፅ ከግቢው ተነሥቶ በመታጠቢያ ቤቱ ጠባብ መስኮት ገባ። ጥበቃው ለሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ የቃል ሪፖርት እያቀረበ ነበር። «ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከበር የማይወጡት ልጆች እንደሚከተለው ናቸው» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ምድር ላይ ሦስት። አንደኛ ፎቅ ሁለት። ሁለተኛ ፎቅ አንዲት፣ ያቺ አፈኛዋ። ሦስተኛ ፎቅ አራት። አራተኛ ፎቅ አንድ ልጅ።»

አስተማሪው ምላጩን እንደያዘ ግራ ገባው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሦስት ቤቶች ናቸው። አንዱ ተከራይ አጥቶ ከተዘጋ ቆይቷል። በሁለተኛው ውስጥ አዲስ ተጋቢዎች ይኖራሉ፤ የእነሱ ልጅ ገና ወሬ ነው። ሦስተኛው የእሱና የእናቱ ነው። ታዲያ ልጁ ከየት መጣ? ምናልባት የሙሽራዋ ወንድም ለትምህርት መጥቶ ይሆናል ብሎ ሊጽናና ሲል፣ ሰብሳቢው ከታች «የማን ልጅ?» ብለው ጠየቁ። «የእማማ» አለ ጥበቃው። «ያ ጢማሙ።» ምላጩ አገጩን ቆረጠው። የጩኸቱን ድምፅ የሰማችው እናቱ ከወጥ ቤት ሆና «ምን ሆንክ? ቀስ በል እንጂ ልጄ!» አለች። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትለው የኖረችው ቃል ነው። ያን ቀን ግን «ልጄ» የሚለው ጆሮው ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለው።

ለነገሩ ጉድጓዱን የማሰው ራሱ ነው። የከተማው ምክር ቤት፣ አፍላ ወጣቶች ከመሸ በኋላ በየመንገዱ እየተሰበሰቡ ጸጥታ ያውካሉ ብሎ፣ እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱን የሰዓት እላፊ ደንብ እንዲያወጣ አዝዞ ነበር። በእነሱ ሕንፃ ደግሞ በዚያው ሰሞን የሰብሳቢው መኪና ስፖኪዮ ተሰብሮ ስለተገኘ ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። ስፖኪዮው የተሰበረው በጠራራ ፀሐይ፣ ልጆቹ ሁሉ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው፤ ይህን ግን የሚያነሣ አዋቂ አልተገኘም። ያነሣችው የአስተማሪው የእህት ልጅ፣ የሁለተኛ ፎቋ አፈኛ፣ በስብሰባው በር ላይ ቆማ ነበር። «ስፖኪዮው ቀን ተሰብሮ ለምንድነው ማታ የምትዘጉብን?» ብትል፣ ስለ ልጆች በሚደረግ ስብሰባ ልጅ አይገባም ተባለች። ተነሥቶ በሩን የዘጋባትም አጎቷ ነው። ከዘጋም በኋላ ወደ ተሰብሳቢው ዞሮ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው።

ስብሰባው የተቸገረው ዕድሜ ላይ ሲደርስ ነው። «ከአሥራ ስምንት በታች» ቢባል፣ ለኳስ ቡድን ምዝገባ ጊዜ አሥራ አራት የነበረው ልጅ በእናቱ አንደበት አሥራ ዘጠኝ ሆኖ ቁጭ አለ። የምድር ቤቷ ባለ ሱቅ፣ አንደኛው እንኳ ቢያመልጥልኝ ብላ፣ መንትዮቿን በሁለት ዓመት አበላልጣ ተናገረች። ስለ ሰዓቱም ቢጠየቅ የአንዱ ሰዓት ይቀድማል፣ የሌላው ይዘገያል፣ የሰብሳቢው ከነጭራሹ ቆሟል። በዚህ መሃል አስተማሪው እጁን አወጣ። ይህ ሰው እንጀራው ማስቆም ነው። ከተማሪው ጎን ተቀምጦ፣ ለእሱ ተብሎ የተገጠመለትን ሁለተኛ ፍሬን እየረገጠ ጎልማሳ ሆኗል። ቀኝ እግሩ ከልማድ ብዛት ሶፋ ላይ ተቀምጦም ይረግጣል፣ አልጋ ላይ ተኝቶም ይረግጣል። የሕንፃው ልጆች «ጋሽ ፍሬን» ብለው ስም ያወጡለት ያለ ነገር አይደለም። ጋሽ ፍሬን ዕድሜም ይቅር፣ ሰዓትም ይቅር አለና እንዲህ ብሎ አስጻፈ፦ «ከወላጁ ጋር የሚኖር ያላገባ ልጅ፣ የግቢው መብራት ከበራ በኋላ፣ ከወላጁ ጋር ካልሆነ በቀር ከበሩ አይወጣም፤ ከወጣም አይገባም። ይህን ጥሶ ያሳለፈ ጥበቃ ከሥራው ይሰናበታል። ይህ ደንብ እስከ ሦስት ወር አይሻሻልም።» ተጨበጨበለት። አጭር፣ ግልጽ፣ ማምለጫ የሌለው ደንብ ነው ብሎ ራሱም በልቡ አጨበጨበ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ስቆ ባለፈው ነበር። ማታ መውጣት የሚወድ ሰውም አይደለም። ነገር ግን ያን ቀን ማታ ከነርሷ ጋር እራት ቀጠሮ ነበረው። ነርሷ ስምንት ወር ሙሉ ተማሪው ነበረች። መንዳት ገና በሁለተኛው ወር ችላ ሳለ ፈተናውን አራት ጊዜ ወደቀች፤ አንዴ ፍሬቻ ረሳች፣ አንዴ ማርሽ ሳታስገባ ነዳጅ ሰጠች፣ ሁለቴ ደግሞ ምን እንደሆነች ፈታኙም አልገባውም። በአምስተኛው ባለፈው ሳምንት አለፈች። ባለፈች ማግስት ደውላ፣ ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ሆስፒታል እንደፈለጋት፣ መልሷን ነገ ጠዋት መስጠት እንዳለባት፣ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልትጠይቀው እንደምትፈልግ ነገረችው። ከሥራ የምትወጣው ከመሸ ነው። ዛሬ ማታ ካልተገናኙ ነገር አለቀ፤ ነገ እሺ ብላቸው ትሄዳለች፣ እሱም ከሌላ ተማሪ ጎን ተቀምጦ ፍሬኑን ሲረግጥ ይኖራል። ይህን ሁሉ ለእናቱ አልነገራትም። ለማንም አልነገረም።

አገጩ ላይ ወረቀት ለጥፎ እየሮጠ ወረደ። ሰብሳቢው የባንክ ጡረተኛ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው የተሰበረውን ስፖኪዮ በፕላስተር እየጠቀለሉ አገኛቸው። ነገሩን በሳቅ ሊጀምረው ሞከረ። እሳቸው አልሳቁም።

«አግብተሃል?» አሉት።

«አላገባሁም፤ ግን እኮ...»

«የምትኖረው ከወላጅህ ጋር ነው?»

«ከእናቴ ጋር ነው። ኪራዩን ግን የምከፍለው እኔ ነኝ!»

«ደንቡ ስለ ኪራይ አንድም ቃል የለውም። የሰው ልጅ ነህ አይደል? እንግዲህ ሦስቱም ተሟላ።» ፕላስተሩን በጥርሳቸው ቆረጡ። «ስማኝ፣ እኔ አንተን ጠልቼ አይደለም። ዛሬ አንተን ብናሳልፍ ነገ የባለ ሱቋ መንትዮች ጢም አበቀልን ብለው ይመጣሉ። አይሻሻልም ያልከውም አንተ ነህ። ሦስት ወር ምን አላት? እንደ ቀልድ ታልፋለች።»

ወደ በሩ ሲሄድ ጥበቃው ብድግ አለ። ጥበቃው ፀጉሩ የሸበተ፣ ደንብ ልብሱን ራሱ የሚተኩስ ሰው ነው። ከሱ በፊት የነበሩት ሁለት ጥበቃዎች በትንሽ በትልቁ ተባረዋል፤ ሦስተኛው ላለመሆን ቆርጧል። አስተማሪውን ሁልጊዜ «እንደምን አደሩ» ብሎ፣ እጁን ኮፍያው ላይ አድርጎ ነበር የሚያሳልፈው። ያን ቀን «እንደምን አደርክ» አለው። አስተማሪው ዞር ብሎ አየው። «አይቀየሙኝ... አትቀየመኝ» አለ ጥበቃው፣ ከልቡ ተጨንቆ። «አፌ ገና አልለመደውም። ግን ልጅ ከሆንክማ አንተ ነው እንጂ እርስዎ ተብሎ እንዴት ይከለከላል? እርስዎ ያልኩትን ሰው ማታ በምን አፌ አትወጣም እለዋለሁ?»  አስተማሪው ቅስሙ ተሰብሮ ወደ ሥራው ሄደ።

ሥራ ላይም ቀኑ ቀን አልሆነለትም። ያን ዕለት ያስተማራት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ ሴትዮዋ መሪውን እንደ ሊጥ ነው የምታሸው። ሰፊ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ፣ ምንም ሳታጠፋ ስትሄድ፣ አስተማሪው ፍሬኑን ሲጥ አደረገው። የኋላው መኪና ክላክሱን ለቀቀባቸው። «ምን አጠፋሁ?» አለች ደንግጣ። «መብራት» አለ። «የምን መብራት? እዚህ እኮ መብራት የለም» ብትለው ነው የግቢውን መብራት እያሰበ እንደነበር የገባው። ይቅርታ ጠየቃትና አንድ ሐሳብ መጣለት። ደንቡ የሚለው መብራት ከበራ በኋላ ነው። ታዲያ ገና በጊዜ ቤት ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ መብራቱ ሳይበራ ቢወጣ ማን ይከለክለዋል? መመለሱን ሲመለስ ያስብበታል። ፊቱ በራ። ለዳቦ ጋጋሪዋም፣ ሥራዬ ብላ ወንዝ የሚያክል ኩሬ ውስጥ ስትገባ እንኳ፣ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አላት። ኩሬው በተከፈተው መስኮት ገብቶ እስከ አንገቱ አለበሰው።

እንደዚያ ጨቅይቶ ገና ፀሐይ ሳትገባ ግቢው ደረሰ። ታጠበ። የተተኮሰውን ሸሚዝ ደግሞ ተኮሰው። እናቱ መኝታ ቤቷን ዘግታ ስለነበር ሳይሰናበት ቀስ ብሎ ወጣ። ሦስተኛውን ፎቅ ሲወርድ ነጎድጓድ ሰማ። ሁለተኛውን ሲወርድ ደረጃው ጨለመ። ምድር ሲደርስ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፣ ጥበቃውም እጁን ከማብሪያው ላይ እያወረደ ነበር። ግቢው በመብራት ቦግ ብሏል።

«ገና አልመሸም እኮ!» ብሎ ጮኸ አስተማሪው።

«አልመሸም» አለ ጥበቃው። «ደንቡ ግን 'ሲመሽ' አይልም፣ 'መብራት ሲበራ' ነው የሚለው። ጠቆረብኝ፣ አበራሁ።»

«ስማ፣ በጣም የማይቀርብኝ ጉዳይ ነው። ማንም አያይም፣ ልለፍ።»

ጥበቃው በአገጩ ወደ ላይ አመለከተ። በየመስኮቱ የልጅ ጭንቅላት አለ። የባለ ሱቋ መንትዮች አንድ መስኮት ላይ ተደራርበዋል፤ የሦስተኛ ፎቆቹ አራቱ በረንዳው ላይ ተሰልፈዋል። የእህቱ ልጅ ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ አጎቷን በጸጥታ ታየዋለች። «ካለፍክ እነሱም ያልፋሉ» አለ ጥበቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እነሱ ካለፉ እኔ እሰናበታለሁ። አንተ ነህ ያስጻፍከው፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስሰማ ነበር። እኔም እኮ ቤት ልጆች አሉኝ።» አስተማሪው በሩን ገፍቶ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ጥበቃው አይታገለውም። ያን ዓረፍተ ነገር ሲያስጽፍ የሰውየው ፊት አንዴም ትዝ አላለውም ነበር። አሁን ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲያየው አፈረ። ከልቡ አፈረ። ዞሮ ደረጃውን ሽቅብ ተያያዘው።

ያለው መንገድ አንድ ነው። እናቱን ሊለምናት ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ «እማዬ፣ ልወጣ ነውና አብረሽኝ ነይ» ሊላት። በየፎቁ እየቆመ ቃላቱን ቢያማርጥ ሁሉም እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ ተጣበቀበት። በሩን ከፍቶ ሲገባ እናቱ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጥሩ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ጫማዋን አድርጋለች፣ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለችው።

ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀስ በቀስ ገባው። «አንቺ ነሽ ለጥበቃው የነገርሽው!»

«'ያላገባ ልጅ አለዎት ወይ' ብሎ ጠየቀኝ፣ አለኝ አልኩት። ልካድህ እንዴ?»

«ዕድሜዬን አትነግሪውም?»

«ዕድሜ አልጠየቀኝም። ዕድሜ ይቅር ያልከው አንተ ነህ።»

 ሳሎኑ ሁለት ሶፋ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ባለ አራት ወንበር ጠረጴዛ አለው፤ ከአራቱ ወንበሮች ሁለቱ ከተገዙ ጀምሮ ፕላስቲካቸው አልተቀደደም። እናቱ ቦርሳዋን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየችና፣ ሳታየው መናገር ጀመረች። ሰው መንዳት ለማስተማር ሲሄድ ሸሚዝ ሁለቴ እንደማይተኩስ እሷም ታውቃለች። ስምንት ወር ሙሉ ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። አልነገራትም። ሰው መቼ ታገባለህ ብሎ ሲጠይቀው «እናቴን ለማን ትቼ» እንደሚልም ሰምታለች። «እኔ መቼ ያዝኩህ?» አለች። «እኔን በር ላይ አቁመህ አንተ ከኋላዬ ተደበቅህ እንጂ። ያን ደንብ ስታስጽፍ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እየሰማሁህ ነበር። 'ከወላጁ ጋር ካልሆነ' ስትል፣ በል ተመስገን፣ እንግዲህ ሳይወድ በግዱ ያሳየኛል አልኩ።» አስተማሪው ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ሲረግጥ አየው። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። «ጃንጥላ ያዝ» አለችው፣ እየተነሣች።

ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ የእህቱ ልጅ ደረጃው ላይ ጫማዋን አስራ ጠበቀቻቸው። «እማማ፣ እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?» አለች። እናቱ አንድ ጊዜ አየቻትና «የልጅ ልጅ ከልጅ ምን ይለያል፣ ነይ» አለች። የባለ ሱቋ መንትዮች ይህን ሰምተው ወጡ። ከሦስተኛ ፎቅ አራት ጥንድ እግር እየተንደረደረ ወረደ፤ የአንደኛ ፎቆቹ ሁለቱና የቀረው የምድር ልጅም ተከተሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ከጋሽ ፍሬን ኋላ አሥር ልጅ ተሰልፏል፤ ዝናቡም እንደ አመጣጡ አካፍቶ አቁሟል።

ጥበቃው ቆጥሮ ሲጨርስ አንገቱን ነቀነቀ። «እማማ፣ እነዚህ ሁሉ የእርስዎ ልጆች ናቸው?»

«እዚህ ሕንፃ ውስጥ ልጄ ብዬ ያልጠራሁት ማን አለ? አንተንስ ትናንት 'ልጄ፣ ይህን ዘንቢል ያዝልኝ' አላልኩህም?»

ጥበቃው አሰበ። እውነትም ብላው፣ እሱም «አቤት እናቴ» ማለቱ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ቢጤ ሲመጣ በእጁ ጠረገው። ደንቡ ወላጅ ማን እንደሆነ አይተረጉምም። በሩን ከፈተ። አስተማሪው ሲያልፍ ብቻ «በጊዜ ግባ እሺ» አለው።

መንገዱ ረጥቦ ያብረቀርቃል፣ ሱቆች በር እየዘጉ ነው። ልጆቹ ምንም አላደረጉም። አንዱ ኩሬ ዘለለ፣ ሌላው ድንጋይ እየመታ ሄደ። አንደኛው መንታ ሰማዩን እያየ ከምሰሶ ጋር ተጋጨና ከምሰሶው ይልቅ እሱ ይቅርታ ጠየቀ። አስተማሪው ከእህቱ ልጅ ጋር እኩል እየተራመደ፣ ለብዙ ጊዜ ሊጠይቃት አስቦ የማያውቀውን ጠየቃት። «ለመሆኑ ማታ ማታ ወጥታችሁ የምታደርጉት ምንድነው?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ምንም ነዋ። ቤት ውስጥ ምንም ማድረግ አይቻልም። ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ አንድ ሰው መጥቶ 'ምን እያደረግሽ ነው?' ይልሻል።» ትንሽ ሄደችና «አንተን እንኳ እማማ እንደዚያ ትልህ የለ?» አለችው። ትለዋለች። ዘወትር ትለዋለች። እሱም ሁልጊዜ ጋዜጣ አንሥቶ የሚያነብ ይመስላል። በሩን የዘጋባት ቀን ፊቷ እንዴት እንደነበር ትዝ አለው፤ ይቅርታ ልጠይቃት አልጠይቃት እያለ ሲያመነታ ምግብ ቤቱ ጋ ደረሱ።

ነርሷ ከምትሠራበት ክሊኒክ ፊት ለፊት ያለች፣ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ምግብ ቤት ነች። ነርሷ በመስኮቱ በኩል አንድ ሰው ስትጠብቅ አሥራ ሁለት ሰው ሲመጣ አየች። ልጆቹ ማዶ በተዘጋው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ደረጃ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ምንም ሊያደርጉ። እናትና ልጅ ገቡ። አስተማሪው «ይህቺ እናቴ ናት፤ ያለ እሷ መውጣት ተከልክዬ ነው» ብሎ የሕይወቱን በጣም የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ነርሷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ሾርባ መጣ፣ ዓሣ መጣ። እናቱ ስለ ጉልበት ሕመም ጠየቀች፤ ነርሷ ወንበሯን ሳብ አድርጋ እዚያው ጉልበቷን ጎንበስ ብላ ዳሰሰችላት፣ ደረጃ ስትወጪ የቱ ነው የሚቀድመው ብላ አወራቻት። እናቱ ሳህኗን ሳትጨርስ ተነሣች። «ልጆቹን ላስገባ፣ የሰው አደራ ናቸው። አንተ ተረጋጋና ና» አለችው። በመስኮቱ ሲያያት አሥሩን ልጅ ከፊቷ እየነዳች፣ ጃንጥላውን እንደ በትር ይዛ ትሄድ ነበር።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ነርሷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የጠራሁህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው» አለች። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ጥያቄው ይኸው ነው፣ ሌላ ጌጥ የለውም። አስተማሪውም መልሱን ያውቀዋል፤ ስምንት ወር ሙሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ጥርቅም አድርጎ ረገጠ፣ ከአፉም የወጣው «ደመወዙ የሚሻል ከሆነ እንግዲህ... አንቺ እንደመሰለሽ» የሚል ሆነ። ነርሷ ሳህኗን ገፋ አደረገች። «እሺ» አለች። ሒሳቡን እሷ ከፈለች፤ የጋበዝኩት እኔ ነኝ ብላ።

የወንድሟን አሮጌ መኪና ተውሳ ስለነበር ላድርስህ አለችው። ጎኗ ተቀመጠ፤ እንደ ወትሮው ቀኝ እግሩን ላከው፣ ያገኘው ግን ባዶ ምንጣፍ ነው። በየመታጠፊያው ረገጠ። በየመታጠፊያው ምንም አልነበረም። «ምን ትረግጣለህ?» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «እዚህ ፍሬን የለህም።» ጥሩ አድርጋ ትነዳለች። አንድም የሚያስቆም ነገር አላጠፋችም። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሞተሩን አላጠፋችም።

ወርዶ አንኳኳ። «ማነው?» አለ ጥበቃው።

«እኔ ነኝ። ከአራተኛ ፎቅ።»

«ወላጅህስ?»

አስተማሪው ያኔ ነው እናቱ በጊዜ የተነሣችው ለምን እንደሆነ የተገለጠለት። አንገቱን ሰቅሎ «እማዬ! ነይ አስገቢኝ!» ብሎ ተጣራ። የአራተኛ ፎቅ መስኮት ተከፈተ። «አልችልም፣ ተኝቻለሁ!» አለች እናቱ፣ ጥሩ ቀሚሷን እንደለበሰች። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ከሁለተኛው ፎቅ የእህቱ ልጅ ድምፅ መጣ። «ምከረው ምከረው...» አለች። የቀሩት ዘጠኙ ልጆች በአንድ አፍ «እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!» ብለው ጨረሱላት። አስተማሪውም ይገባኛል አለ በልቡ፤ እውነትም ይገባዋል።

ነርሷ መኪናው ውስጥ ሆና በሳቅ ትንፈራፈር ጀመር። መስኮቱን አውርዳ «ይህን ደንብ ደግሞ የትኛው አዋቂ ነው ያወጣው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አሻሽለዋ!»

«እስከ ሦስት ወር አይሻሻልም። ይህንም ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።» ሳቋ አለቀ፤ እጇን ወደ ማርሹ ሰደደች። መብራቱ ፊቷ ላይ ነበር። ልትሄድ ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ ለሆስፒታሉ እሺ ልትል ነው። አስተማሪው ሁለት እግሩ ላይ ቆሟል፣ ከሥሩ የሚረገጥ ነገር የለም፣ አሥራ አንድ ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ከበሩ ኋላ ይሰማዋል። «ደንቡ የሚለው 'ያላገባ' ነው» አለ። «ደንቡን ማሻሻል አይቻልም። እኔ ግን... አትሂጂብኝና እኔ ልሻሻል።»

 ነርሷ ሞተሩን አጠፋች። «አራት ጊዜ ስወድቅ ያልገባህ» አለች፣ «ዛሬ ነው የገባህ?» ከዚያም ቀስ ብላ «ነገ ጠዋት ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ» አለችው። ከላይ እልልታ የሚመስል ጩኸት ወረደ፤ ከሁሉም በላይ የጮኸችው ተኝታለች የተባለችው ናት። የእህቱ ልጅ «በሚቀጥለው ስብሰባ በሩን የሚከፍት ማነው?» ብላ ጮኸች፤ አስተማሪው ሽቅብ አንጋጦ «እኔ!» ብሎ መለሰ።

ጫጫታው ሲበርድ ከበሩ ኋላ ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ደንቡ ያላገባ ይላል» አለ፣ ለራሱ እንደሚያነብ ሁሉ። «ስለ ታጨ ሰው ግን አንድም ቃል የለውም።» ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ። በሩ ተከፈተ። ጥበቃው እጁን ኮፍያው ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ይግቡ» አለው።